ለአጫሽ ታካሚ የሚጻፍ የግል ምክር ምንድን ነው?

ታካሚው ለጥቂት ጥያቄዎች ከሰጠው መልስ ተነሥቶ ለእሱ ብቻ የሚዘጋጅ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ሲጋራ የማቆሚያ ምክር ነው። ሐኪም ወይም ነርስ ሊጽፈው፣ ኮምፒውተርም ሊያዘጋጀው ይችላል። አናቱ ላይ ስም ስለተጻፈበት ብቻ ግን የግል አይሆንም። ስሙ ተፍቆ ለማንም አጫሽ ቢሰጥ የሚሠራ ከሆነ ተራ በራሪ ወረቀት ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ «ጠዋት ከነቁ በስንት ደቂቃ ያጨሳሉ?» የሚለው ነው። ደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ አጫሽ የሚነቃው ሐራራው ተነሥቶበት ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ሱሱ ጠንካራ ነው፤ የኒኮቲን ማስቲካ ከታዘዘለት ባለ 4 ሚሊግራሙ ይሻለዋል፤ ከዚያ ቆይቶ ለሚያጨስ 2 ሚሊግራም ይበቃል። አጠቃቀሙም ይጻፍለት። እንደ ከረሜላ ማስቲካ ያለማቋረጥ የሚያኝክ ሰው ኒኮቲኑን ከምራቁ ጋር ይውጠዋል፤ ስቅታና ማቅለሽለሽ ሲይዘው «አልተስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። ቀስ ብሎ አኝኮ፣ አፉን ሲቆነጥጠው በጉንጩና በድዱ መካከል ማሳረፍ አለበት።

ቀጥሎ መቼና ከማን ጋር እንደሚያጨስ ይጠየቃል። ጫት ሲቅም ፓኬት ለሚጨርስ ሰው ስለ ጫቱ ዝም ያለ ምክር ከንቱ ነው። የቡናው ጉዳይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ማጨስ ሲቆም ያው የለመደው ቡና ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ሰውየው እንቅልፍ ሲያጣና ልቡ ሲመታ ሲጋራ የጠማው ይመስለዋል። ስለዚህ «በቀን 6 ስኒ ይጠጣሉ፤ ካቆሙበት ቀን ጀምሮ ወደ 3 ያውርዱት» ተብሎ በቁጥር ይጻፍለት። ጭሱ አንዳንድ መድኃኒቶችንም እንደ ካፌይን ቶሎ ስለሚያስወግድ፣ ቲዮፊሊን (የአስም መድኃኒት)፣ ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን (የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች) የሚወስድም መጠኑን ሐኪሙ እንዲያየው አስቀድሞ ይነገረው፤ መንስኤው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ ስላልሆነ፣ ማስቲካ ቢጠቀምም መጠኑ መታየቱ አይቀርም።

ከዚህ በፊት ሞክሮ ከሆነ በስንተኛው ቀን፣ የት እንደተመለሰበት ይጠየቅ። ሲጋራ ማቆም የሚያስከትለው ሕመም የሚበረታው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ በ3ኛው ቀን የተሸነፈ መድኃኒቱ ይጠናከርለት፣ በ3ኛው ወር ሠርግ ቤት የተሸነፈ ግን ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆን ዕቅድ ያስፈልገዋል።

የራሱ ምርመራ ውጤትም ኃይል አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት በሃርትፎርድሺር 561 አጫሾች ትንፋሻቸው ተለካ። ውጤቱ «የሳንባዎ ዕድሜ ይህን ያህል ነው» (ማለትም ሳንባዎ የሚሠራው እንደዚህ ዕድሜ ጤነኛ ሰው ሳንባ ነው) ተብሎ ከተነገራቸው ከዓመት በኋላ 13.6 በመቶው አቁመው ተገኙ፤ ደረቅ ቁጥር ብቻ ከተሰጣቸው 6.4 በመቶው። ሳንባቸው ደህና የሆነውም ጭምር ተጠቅመዋል።

ጽሑፉ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ስለሆነ የቃል ምክርንና መድኃኒትን አይተካም። ማንበብ ለማይችል ታካሚ ማን እንደሚያነብለት አስቀድሞ ይጠየቅ። ማጨሳቸውን ከቤተሰብ የሚደብቁ፣ በተለይ ሴቶች፣ ስላሉ ወረቀቱ ወደ ቤት አይላክ፤ በእጃቸው ይሰጥ።