የሲቪ ፎርማት ምንድን ነው?

ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ «ሲቪ ሥሩልኝ» ስትሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚከፈትላችሁ የሌላ ሰው ሲቪ ነው። ስም ይቀየራል፣ ስልክ ይቀየራል፣ ይታተማል። ወረፋው ላይ ግን አምስት ዓመት የሠራ የሂሳብ ሠራተኛም አለ፣ ዘንድሮ የተመረቀች ነርስም አለች። አንድ ልክ ለሁለቱም አይሆንም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸ ነው።

ፎርማት ጌጥ ወይም የፊደል ዓይነት አይደለም። ስለ ራሳችን ከምንጽፈው የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይከተል የሚለው ነው። ፊቱ ወረቀት የተከመረበት ሰው የላይኛውን ግማሽ ገጽ ካልወደደው ታቹን ላያየው ይችላል። ያንን ቦታ የትውልድ ቀበሌና የጋብቻ ሁኔታ ሲሞላው ያሳዝነኛል።

በብዛት የሚሠራበት በጊዜ ቅደም ተከተል የሚጻፈው ነው፤ ያውም ከቅርቡ ተነስቶ። አሁን ያላችሁበት ሥራ መጀመሪያ፣ የድሮው መጨረሻ። የእኛ አገር ማስታወቂያ «ዲግሪና 4 ዓመት የሥራ ልምድ» ስለሚል፣ የሰው ሀብት ባለሙያው ዓመት ይቆጥራል። ይህ ፎርማት ቆጠራውን ያቀልለታል። ሥራችሁ ካልተቆራረጠ ሌላ አትፈልጉ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው የዘመን አቆጣጠሩ ላይ ነው። ሐምሌ 2013 ተመርቃ ጥቅምት 2014 ሥራ የጀመረች ልጅ በፈረንጁ ሁለቱም 2021 ላይ ይውሉላታል። ምረቃውን «2021»፣ ሥራውን «2014» ብላ ብትጽፍ፣ ሳትመረቅ ሰባት ዓመት የሠራች ትመስላለች። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና እስከ መጨረሻው በሱ ጻፉ፤ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለቱንም አትርሱ።

ሁለተኛው በችሎታ የሚከፈለው ነው። ምን እንደምትችሉ ይቀድማል፣ የትና መቼ እንደሠራችሁ ታች በአጭሩ ይቀመጣል። ሙያ ለሚቀይር ሰው ተብሎ ይመከራል። እኔ ግን ብቻውን አልመክረውም። ዓመት የሚቆጥር ሰው ዓመቱን ሲያጣው የተደበቀ ነገር ያለ ይመስለዋል።

የሁለቱ ቅይጥ ይሻላል። የፋሲል ግቢን ሲያስጎበኝ የኖረ ልጅ አስቡ። ኮቪድ መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ እንግዳ ጠፋ። አሁን የሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ቢያመለክት ከላይ አራት መስመር ይበቃዋል፦ የሚናገራቸው ቋንቋዎች፣ የቡድን እንግዳ ማስተናገድ፣ የጉዞ ፕሮግራም ማውጣት፣ ኮምፒውተር። ከዚያ ዓመታቱ ይከተላሉ። ሥራ የቆመበትን ጊዜም «በቱሪዝም መቀዛቀዝ ምክንያት» ብሎ በግልጽ ይጻፈው። ጎንደር ውስጥ ይህን የማይረዳ ቀጣሪ አይኖርም።

አዲስ ተመራቂ ትምህርቱን ያስቀድም። ነርሷ የሙያ ፈቃዷንና በተግባር ልምምድ ያለፈችባቸውን የሆስፒታል ክፍሎች ከነወራታቸው ትዘርዝር፤ «0 ዓመት» ለሚል ማስታወቂያ ልምዷ እሱ ነው። ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት የሚያመለክት ደግሞ የምርምር ጽሑፎቹን ስለሚዘረዝር ገጹ ቢረዝም አይፈረድበትም። ለሌሎቻችን ሁለት ገጽ ይበቃል።

ፎቶ ኮፒ ቤት ካሠራችሁም ፋይሉን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይዛችሁ ውጡ። የሚቀጥለው ማስታወቂያ ሌላ ቅደም ተከተል ሊፈልግ ይችላል።