ስማርት ቦርድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስማርት ቦርድ የሚባለው፣ በጣት ወይም በብዕር የሚጻፍበት ትልቅ ስክሪን፣ ከመማሪያ ክፍል አልፎ ስብሰባ ክፍሎችንም ይዟል፤ ገበያውም በዓለም ዙሪያ እየሰፋ ነው። ስለ ዕቃው የሚወራው ግን አብዛኛው ከፕሮጀክተር ዘመን የተረፈ ነው። ዕቃው ተለወጠ፣ ወሬው ባለበት ቀረ።

«ስማርት ቦርድ የዕቃው ስም ነው»

የንግድ ምልክት ነው። ስማርት ቴክኖሎጂስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ የመጀመሪያውን ስማርት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ አቀረበ፤ ስሙ ከዚያ ወዲህ የሁሉም አምራች ሰሌዳ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ለወሬ ችግር የለውም፣ በጨረታ ሰነድ ላይ ግን ጣጣ ያመጣል። «ስማርት ቦርድ፣ ብዛት 10» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አንዱ አቅራቢ ፕሮጀክተር የሚፈልግ ሰሌዳ፣ ሌላው ራሱን የቻለ ባለ 75 ኢንች ስክሪን ይዞ ይመጣል። ሁለቱን ዋጋ ማወዳደር አይቻልም።

«ገበያው አደገ ማለት ሁሉም ዓይነት ሰሌዳ በደንብ ይሸጣል ማለት ነው»

እያደገ ያለው ጠፍጣፋው ፓነል፣ ማለትም ፕሮጀክተር የማይፈልገው ራሱን የቻለ ስክሪን ነው። ከፕሮጀክተር ጋር የሚሠራው ሰሌዳ ቦታውን እየለቀቀለት ነው፤ ምክንያቱ በቀላል ሒሳብ ይታያል። በቀን 6 ሰዓት፣ በዓመት 200 ቀን የሚሠራ ክፍል በዓመት 1,200 ሰዓት ይጠቀማል። 3,000 ሰዓት የሚቆይ የፕሮጀክተር አምፖል በሁለት ዓመት ተኩል ያልቃል። የፓነል የጀርባ መብራት ግን ብዙውን ጊዜ ከ30,000 እስከ 50,000 ሰዓት ይሰጠዋል፤ ትንሹ ቁጥር እንኳ በወረቀት ላይ 25 ዓመት ይሆናል። በዚያ ላይ ፓነል ላይ የጸሐፊው ጥላ አይወድቅም፣ መጋረጃ መዝጋትም አያስፈልግም፣ ፕሮጀክተሩ በተነካ ቁጥር አራቱን ወይም ዘጠኙን ነጥብ እየነኩ ካሊብሬት ማድረግም (ንክኪውን ከምስሉ ጋር ማስተካከልም) ቀርቷል።

የባለቤትነቱ ካርታም ተቀይሯል። የእንግሊዙን ሰሌዳ አምራች ፕሮሜቲያን የቻይናው ኔትድራገን በ2015፣ ስማርትን ደግሞ የታይዋኑ ፎክስኮን በ2016 (እ.ኤ.አ.) ገዝተዋል። የገበያ ሪፖርት ሲያነቡ የዕድገቱን መቶኛ ከማየትዎ በፊት ምን እንደተቆጠረ ይዩ፤ አንዱ ፓነል ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው ፕሮጀክተርና ሶፍትዌርንም ይጨምራል።

«ስክሪኑ እስካልተሰበረ ድረስ ዕቃው ይሠራል»

ከሁሉም ውድ የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ነው። ጎግል ጃምቦርድ የተባለውን ባለ 55 ኢንች ዲጂታል ሰሌዳውን እ.ኤ.አ. በ2017 መሸጥ ጀመረ፤ አገልግሎቱን ደግሞ በዲሴምበር 31 ቀን 2024 ዘጋው። የማንም መስታወት አልተሰነጠቀም፤ የቆመው ሶፍትዌሩ ነው። መብራቱ 25 ዓመት የሚቆይ ፓነል ውስጡ ያለው አንድሮይድ በጥቂት ዓመታት ያረጃል፣ አፖችም አንድ በአንድ መሥራት ያቆማሉ።

ስለዚህ ሲገዙ ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ የአንድሮይድ ማሻሻያው እስከ መቼ ነው? በጽሑፍ ይሁን። ሁለተኛ፣ ኦፒኤስ የሚባለው ማስገቢያ አለው? ኢንቴል ያወጣው መስፈርት ነው፤ ኮምፒውተሩ እንደ መሳቢያ ተስቦ ይወጣል፣ ሲያረጅ እሱን ብቻ ለውጦ ፓነሉን ማቆየት ይቻላል። ሦስተኛ፣ የተጻፈው በፒዲኤፍ ይወጣል? በአምራቹ ፋይል ዓይነት ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ የመምህሩ የዓመታት ዝግጅት የአምራቹ እስረኛ ነው።

«ኤችዲኤምአይ ከሰካሁ በቂ ነው»

ኤችዲኤምአይ ምስልና ድምፅ ወደ ስክሪኑ ይወስዳል። ጣትዎ የት እንደነካ ወደ ላፕቶፑ የሚመልሰው ሌላ ኬብል ነው፤ ዩኤስቢ፣ በፓነሉ በኩል ብዙውን ጊዜ እንደ ፕሪንተር ኬብል አራት ማዕዘን ጫፍ ያለው። «ምስሉ ይታያል፣ ንክኪው አይሠራም» የሚለው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ቴክኒሻን ከመጥራት በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ይሞክሩ፦

መጀመሪያ ወደ ፓነሉ የራሱ አንድሮይድ ተመልሰው ይንኩ። እዚያ ከሠራ ፓነሉ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ቀዳዳዎቹን ያመሳክሩ፤ በብዙ ሞዴሎች ኤችዲኤምአይ 1 የሚሠራው «ተች 1» ከተባለው ዩኤስቢ ጋር ብቻ ነው። ከዚያ በአጭር ኬብል ይሞክሩ። ተራ ዩኤስቢ 2.0 ኬብል ከ5 ሜትር በላይ አይታመንም፤ በግድግዳ ውስጥ 10 ሜትር የተጎተተ ከሆነ ሲግናሉን የሚያጠናክር አክቲቭ ኬብል ያስፈልገዋል። ፓነሉን ሲነኩ ጠቋሚው ላፕቶፑ ስክሪን ላይ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ኬብሉን ይተዉት፤ ዊንዶውስ ንክኪውን ለተሳሳተው ስክሪን ሰጥቶታል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ታብሌት ፒሲ ሴቲንግስ» ገብተው «ሴትአፕ»ን ይጫኑ፤ መልእክቱ በፓነሉ ላይ ሲታይ ይንኩት፣ በላፕቶፑ ላይ ከታየ ኢንተርን ተጭነው ይለፉት።

ዩኤስቢ ሲ ምስሉንም ንክኪውንም በአንድ ኬብል ሊያስተላልፍ ይችላል። ምስል የሚያወጣው ግን የሁሉም ላፕቶፕ ዩኤስቢ ሲ አይደለም፤ ከመተማመን በፊት ሰክቶ ማየት ነው።

«40 ንክኪ ከ20 ይሻላል»

ቁጥሩ ስክሪኑ በአንድ ጊዜ የሚለየው የንክኪ ብዛት ነው። ባለ 75 ኢንች ስክሪን ስፋቱ 166 ሴ.ሜ ገደማ ነው። ፊቱ ተመችቷቸው የሚቆሙት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሰዎች ናቸው። አርባው ጣት የማን ይሆናል?

መታየት ያለበት የጽሑፉ ጥራት ነው። ብዙዎቹ ፓነሎች በፍሬሙ ዙሪያ የኢንፍራሬድ መብራትና ተቀባይ አላቸው፤ ከመስታወቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ የማይታይ የብርሃን መረብ ይዘረጋል፣ መረቡን የቆረጠው ሁሉ እንደ ብዕር ይቆጠራል። እጅጌም ይጽፋል፣ ፍሬሙ ላይ የተጠራቀመ አቧራም «ማንም ሳይነካው» መስመር ያሰምራል። መረቡ ከመስታወቱ በራቀ ቁጥር ብዕሩ ገና ሳይነካ መጻፍ ይጀምራል፣ ከተነሳም በኋላ ይቀጥላል። ለፊደላችን ይህ ፈተና ነው። ሲገዙ ፈጠን ብለው በትንሹ «ኋላ» ብለው ይጻፉ፤ የ«ኋ» ቅጥያ ሊነካው ከማይገባው መስመር ጋር በቀጭን ክር ከተያያዘ የንክኪው ብዛት አያድነውም።

«86 ኢንች ለማንኛውም ክፍል ይበቃል»

የመጨረሻው ተመልካች የት ድረስ መቀመጥ እንደሚችል ለማወቅ በሙያው የሚሠራበት ልማድ የምስሉን ቁመት ማባዛት ነው፤ ጽሑፍ ለማንበብ በ6፣ ጥቃቅን ዝርዝር ለመለየት በ4። የ86 ኢንች ቁመት 107 ሴ.ሜ ስለሆነ ጽሑፍ እስከ 6.4 ሜትር፣ የኤክሴል ሰንጠረዥ እስከ 4.3 ሜትር ድረስ ይነበባል። ርዝመቱ 9 ሜትር በሆነ ክፍል የመጨረሻው ረድፍ ፊልም ያያል፣ ቁጥር አያነብም።

«ሰሌዳው ውጤት ከፍ ያደርጋል»

በለንደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ግምገማ ሰሌዳው በገባበት የመጀመሪያ ዓመት በሒሳብ፣ በሳይንስና በእንግሊዝኛ ውጤት ላይ በስታቲስቲክስ የሚታይ ለውጥ አላገኘም። ይህ አያስገርምም፤ ስላይድ ብቻ የሚታይበት ሰሌዳ ውድ ፕሮጀክተር ነው። ሥልጠናውን በተከላው ቀን ከመጨረስ ለሁለት መክፈል ይሻላል፤ የመጀመሪያው ስለ ቁልፎቹ፣ ሁለተኛው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ መምህራኑ የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ሲመጡ።

«በማርከር ከተጻፈበት አለቀለት»

መስታወት ፓነል ላይ አላለቀለትም። የማይጠፋ ማርከር ከሆነ በላዩ በተራ የዋይትቦርድ ማርከር ደርበው ይጻፉና ሳይደርቅ ይጥረጉ፤ የአዲሱ ቀለም ማሟሟያ አሮጌውን ያነሳዋል። ለዘወትር ጽዳት ፓነሉን አጥፍቶ በለስላሳ፣ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ነው። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ነጸብራቅ የሚከላከለውን ሽፋን ስለሚጎዳ ይቅር። ፈሳሹንም በጨርቁ ላይ እንጂ በስክሪኑ ላይ አይርጩ፤ ወርዶ የሚጠራቀመው የኢንፍራሬድ ተቀባዮቹ ባሉበት በታችኛው ፍሬም ነው።