ዱንሁዋንግ ለመሄድ ያሰበ ሰው ተሳስቶ የሚጠብቃቸው ነገሮች

ዱንሁዋንግ በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በጋንሱ ክፍለ ሀገር፣ በረሃ ዳር ያለች ከተማ ናት። ሰው የሚጎርፍላት ለሞጋኦ የቡድሃ ዋሻዎች ነው።

«ትኬቱን በር ላይ እቆርጣለሁ።» በሐምሌና በነሐሴ እንዲህ ያሰበ ጉድ ይፈላበታል። የሙሉ ጉብኝት ትኬት በቀን ለ6,000 ሰው ያህል ብቻ ነው የሚሸጠው። አስቀድማችሁ በፓስፖርታችሁ አስይዙ።

«አንዴ ከገባሁ ሁሉንም አያለሁ።» ሥዕልና ሐውልት ያለባቸው ዋሻዎች 492 ናቸው። ባለ ሙሉ ትኬቱ የሚያየው 8 ያህሉን ነው፤ ያውም አስጎብኚው የመረጠለትን። አስጎብኚው በሩን በቁልፍ ይከፍታል፣ ጨለማው ውስጥ ባትሪ ያበራል፣ ያስረዳል፣ ስትወጡ መልሶ ይቆልፋል። ፎቶ ክልክል ነው። በዚህ የሚነጫነጭ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ጠባቂዎቹ ልክ ናቸው እላለሁ። የጎብኚ ትንፋሽ እርጥበት ያመጣል። እርጥበቱ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ጨው ያሟሟል። ጨው ተመልሶ ሲደርቅ ቀለሙን ከግድግዳው ይልጠዋል። ዋሻዎቹ ውስጥ መለኪያ የተገጠመው ለዚህ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ይዘጋሉ።

«ሐውልቶቹ ከድንጋይ የተጠረቡ ናቸው።» የለም! ገደሉ ጠጠርና አሸዋ የተጣበቀበት ስለሆነ ለጥርብ አይመችም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የእንጨት አጽም አቁመው፣ ሸምበቆና ገለባ አስረው፣ በጭቃ ለስነው ቀለም ቀቡት። በ96ኛው ዋሻ የተቀመጠው፣ 35 ሜትር ያህል የሚረዝመው ቡድሃ ግን ውስጡ ዐለት፣ ላዩ ጭቃ ነው። ጥርብ ድንጋይ ያማራችሁ ሉዎያንግ ወደምትባለው የቻይና ከተማ ሄዳችሁ ከዐለት የተጠረቡትን የሎንግመን ዋሻዎች እዩ።

«ጥንታዊዎቹ ጽሑፎችም እዚያው አሉ።» እ.ኤ.አ. በ1900 ዋንግ ዩዋንሉ የተባለ የዳኦ (የቻይና ጥንታዊ ሃይማኖት) መነኩሴ፣ 17ኛው ዋሻ ውስጥ ታሽገው የቆዩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎችን አገኘ። በ1907 የብሪታንያው አሳሽ ኦሬል ስታይን፣ በ1908 ደግሞ ፈረንሳዊው ምሁር ፖል ፔሊዮ መጡ። ለመነኩሴው ጥቂት ገንዘብ ሰጥተው ብዙውን ጭነው ሄዱ። ከጽሑፎቹ አንዱ፣ በ868 የታተመው የአልማዝ ሱትራ የተባለው የቡድሃ እምነት መጽሐፍ፣ ዛሬ ያለው ለንደን፣ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ነው። ዱንሁዋንግ ላይ የምታዩት ባዶውን ክፍልና የመነኩሴ ሆንግቢያንን ሐውልት ነው።

«ዋሻዎቹ ከተማው ውስጥ ናቸው።» 25 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። መጀመሪያ የጎብኚዎች ማዕከል ገብታችሁ ፊልም ታያላችሁ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ትወሰዳላችሁ።

«በረሃ ስለሆነ ሁሌም ሙቀት ነው።» በጥር ከዜሮ በታች ይወርዳል። ካፖርት ያዙ።