ደጅ፣ ደረጃና ሰፈር፦ የአዲስ አበባ አረጋውያን መኖሪያ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የቀበሌ ቤቶች በተጠጋጉበት መንደር ያለፈ ሰው፣ በየደጃፉ ዱካ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁ እማማዎችና አባባዎች ያጋጥሙታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቷ ይበርዳል፤ ጭቃ ቤት ውስጥ ያደረ ሽማግሌ አጥንቱ የሚፍታታው ጋቢውን ደርቦ ደጅ ሲወጣ ነው። ደጁ ወሬም አለው። አላፊው ሁሉ «እንዴት አደሩ?» ይላል፤ የሱቁ ልጅ ዳቦ ያቀብላል፤ እትዬ እገሊት እስከ ሦስት ሰዓት ካልታዩ አንድ ሰው በራቸውን ያንኳኳል። ስለ አረጋውያን መኖሪያ የሚወጡ ዕቅዶች ጣሪያና ግድግዳ ይቆጥራሉ፤ ይህን ደጅ ሲቆጥሩት ግን እምብዛም አይታይም።

የቀበሌ ቤት የሚባለው ከ1967 ዓ.ም. የመጣ ነው። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ኤጀንሲ ተሰጡ። ያኔ ጎጆ የወጡ ሙሽሮች ዛሬ ሰባውን አልፈዋል። ጡረታ የሌላት ባልቴት መሐል ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኗና ከጤና ጣቢያው ብዙ ሳትርቅ መኖር የቻለችው ኪራዩ ለብዙ ዘመን ጥቂት ብር ሆኖ በመቆየቱ ነው። ቤቱ ግን አርጅቷል። ባለቤቱ መንግሥት አያድሰውም፣ ተከራዩም ያለ ፈቃድ አይነካውም፤ ምሰሶው በምስጥ ይበላል፣ ቆርቆሮው ያፈሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ሽንት ቤቱ ነው። ብዙውን ጊዜ የጋራ ነው፣ ከግቢው ጥግ፣ ቁጢጥ የሚባልበት። በሐምሌ ሌሊት፣ በጭቃና በጨለማ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ላለው ሰው እዚያ ደርሶ መመለስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ስለዚህ አልጋ ሥር ፖፖ ይቀመጣል። ያንን ልጅ ማስደፋት የሚያሳፍራቸው ደግሞ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ውኃ በአፋቸው አይዞርም። ሐኪሙ «ውኃ በደንብ ይጠጡ» ሲላቸው እሺ ብለው የሚወጡት እንዲያው ለይሉኝታ ነው።

ኮንዶሚኒየም ይህን ችግር ፈቷል፤ ማቃለል አይገባም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በስፋት መገንባት በጀመሩት ብሎኮች፣ በጀሞም ሆነ በሰሚት፣ በኋላም በየካ አባዶና በኮዬ ፈጬ፣ ስቱዲዮዋ እንኳ የራሷ መጸዳጃ አላት። አሁን ደግሞ ጣጣው ደረጃው ላይ ነው። የ20/80 ሕንፃዎች፣ ማለትም ገዢው ሃያ በመቶውን ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር የሚከፍልባቸው፣ አብዛኞቹ ጂ ፕላስ 4 (ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ) ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም። መንገድ ዳር ያሉት ግራውንዳቸው ለንግድ በጨረታ ስለሚሸጥ፣ አረጋዊ የሚመኘው ወለል ላይ ፀጉር ቤትና ፋርማሲ ተከፍቷል። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሽማግሌ ሲወጣ ያየ ያውቀዋል፦ ፌስታሉን በአንድ እጁ፣ መደገፊያውን በሌላው ይዞ በየማረፊያው ይተነፍሳል፤ ከኋላው ወጣት ሲመጣበት ስልክ የሚፈልግ መስሎ ኪሱን ይዳብሳል። ውኃው በፈረቃ ነው፤ ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ካላደረሰው ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ለሚያወጣ ልጅ መክፈል ይመጣል። እያደር ከቤት መውጣቱ ለቅዳሴና ለቀብር ብቻ ይሆናል። የባንክ ብድሩ የከበዳቸው ጡረተኞች ደግሞ ዕጣ የደረሳቸውን ቤት አከራይተው ልጅ ዘንድ ይጠጋሉ።

ሰፈር መቀየርም አለ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ፣ ዋና ዋና ጎዳናዎችንና ዳርቻቸውን እንደ አዲስ በሚሠራው የከተማዋ ፕሮጀክት፣ ከፒያሳና ከዶሮ ማነቂያ የተነሡ ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደዋል። ወጣቱ የሚያስበው የታክሲውን ነው፤ አረጋዊው የሚያስበው የዕድሩን። ሠላሳ ዓመት በየወሩ የከፈሉበት ዕድር፣ ድንኳኑም ወንበሩም ቀባሪውም የቀድሞው ሰፈር ነው። አዲሱም ሰፈር ዕድር አያጣም፣ መግቢያ ገንዘብ ቢጠይቅም። ግን ማን ያውቀኛል ብሎ ነው የሚገባው? ስለዚህ ሁለት ሦስት ታክሲ እየያዙ ለወር ክፍያ የድሮ ሰፈር የሚመላለሱ አሉ።

ኮሪደሩ ያለፈባቸው ጎዳናዎች በበኩላቸው ሰፊና ደልዳላ የእግረኛ መንገድ፣ መቀመጫና የሕዝብ መጸዳጃ አግኝተዋል። በከዘራ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቀለበት መንገዱን ለመሻገር የድልድይ ደረጃ መውጣት ያለበት ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

በየክረምቱ በጎ ፈቃደኞች የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ፤ አንዳንዱንም አፍርሰው እንደ አዲስ ይሠራሉ። ጠያቂ ዘመድ የሌላቸውን እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ያነሣሉ። ከሁሉም የሚሻለው፣ በእኔ ግምት፣ የመጀመሪያው ነው፤ ቆርቆሮው ይቀየራል፣ ጎረቤቱ ይቆያል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ሰዉ ራሱ ያመጣው ዘዴ አለ፦ ላይኛውን ቤት አከራይቶ ግራውንድ መከራየት። ደላላው ስለ ሳሎኑ ስፋትና ስለ ሴራሚኩ ሊያወራ ሲጀምር፣ እማማ ያቋርጡትና «ስንተኛ ፎቅ ነው ልጄ? ፀሐይስ በየት በኩል ይገባል?» ይሉታል።