የሴቶች ነጻ ትግል በዓለም መድረክ፦ ከወሎ ሆኖ ለሚያይ

የሴቶች ነጻ ትግል ሁለት ሴቶች ተያይዘው፣ አንዷ የሌላዋን ሁለት ትከሻ ከማት (ከመታገያው ምንጣፍ) ለማጣበቅ የምትፋለምበት ስፖርት ነው። ቡጢ፣ እርግጫና ማነቅ አይፈቀድም። እግር መያዝና መጥለፍ ግን ይፈቀዳል። ከግሪኮ ሮማን ትግል ዋናው ልዩነቱም ይኸው ነው፤ እዚያ ከወገብ በታች መንካት ክልክል ነው። ግሪኮ ሮማን በኦሊምፒክም በዓለም ሻምፒዮናም የወንዶች ብቻ ነው። ሴቶቹ የሚወዳደሩት በነጻ ትግሉ ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።)

ወሎ ውስጥ ትግል እንግዳ ነገር አይደለም። ኩታበርም ሂዱ፣ ተሁለደሬም፣ ላስታም፣ ከብት ሲጠብቅ የዋለ ልጅ ሜዳ ላይ ጓደኛውን መግጠሙ አይቀርም። ደንቡ አጭር ነው። ጣልከው፣ አለቀ። የተከራከረ ካለ "ድጋሚ!" ይባላል። ግን ይህ የወንድ ልጅ ጨዋታ ተደርጎ ኖሯል። ሴት ልጅ ስትታገል ከታየች "ወንዳወንድ" የሚል ስም ይወጣላታል። ስለዚህ በኦሊምፒክ ሰሞን ደሴ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብሎ አሥር ሺህ ሜትር የሚጠብቅ ሰው፣ ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ የለበሱ ሁለት ሴቶች ሲገለባበጡ ሲያይ ግራ ይገባዋል። ስትወድቅ ያያት ሴት እጇ ለድል ሲነሳ ደግሞ ጭራሽ ይደናገራል። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለእሱ ነው።

ነጥቡ እንዴት ይቆጠራል?

ግጥሚያው ሁለት ዙር ነው። እያንዳንዱ ዙር 3 ደቂቃ ይፈጃል፤ መሐል ላይ 30 ሰከንድ ዕረፍት አለ። መታገያው ከዳር እዳር 9 ሜትር የሆነ ክብ ነው። የአንዷ ሁለት ትከሻ ባንድ ጊዜ ማት ላይ ከተያዘና ዳኞቹ ካረጋገጡ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ነጥብ አይታይም። 9 ለ 0 ስትመራ የነበረች ሴት በዚህ መንገድ ተሸንፋ ልትወጣ ትችላለች።

ያ ካልሆነ የሚቆጠረው ነጥብ ነው። ተጋጣሚን ከቆመችበት አውርዶ ከኋላዋ ሆኖ መቆጣጠር 2 ነጥብ ያስገኛል። ማት ላይ ይዞ ጀርባዋን ማዞርም እንደዚያው 2 ነው። ቆማ ያለችን ሴት ቀጥታ በጀርባዋ መጣል 4 ነው። አየር ላይ በሰፊው አሽከርክሮ መወርወር ከሆነ 5 ይደርሳል። ከክቡ ገፍቶ ማስወጣት 1፣ ከሥር ሆኖ ገልብጦ ላይ መውጣት 1። ልዩነቱ 10 ሲሞላ ዳኛው ያስቆማል። ከወንዶቹ ደንብ ብዙም አይለይም፤ ሁለት እጅን በተጋጣሚ ብብት አሳልፎ ማጅራት ላይ መቆለፍ ግን ለሴቶች ክልክል ነው።

ለእኛ ዓይን የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። በሜዳ ትግል አንዴ መውደቅ የመጨረሻ ነው። እዚህ ሦስቴ የወደቀች ሴት አራተኛው ላይ ልታሸንፍ ትችላለች። ስታዩ ታዲያ እጃቸውን ትታችሁ ዳሌያቸውን ተከተሉ። አጥቂዋ ድንገት ዝቅ ትላለች። አንድ ጉልበቷ ማት ይነካል። ትከሻዋን ከተጋጣሚዋ ጭን አስጠግታ እግሯን በሁለት እጇ ታቅፋለች። ተከላካይዋ በዚያችው ቅጽበት ሁለት እግሯን ወደ ኋላ ወርውራ ደረቷን አጥቂዋ ጀርባ ላይ ትጥላለች። አሁን ሁለቱም መሬት ናቸው፣ ግን ነጥብ የለም። አጥቂዋ ቶሎ ተስባ ከኋላ ከወጣች 2 ነጥብ የእሷ ነው። ዘግይታ እግሩ ካመለጣትና ተከላካይዋ ዞራ ከኋላዋ ከገባች ነጥቡ የተከላካይዋ ይሆናል። ጥቃቱን የጀመረችው ሌላ፣ ነጥቡን የወሰደችው ሌላ።

መሸሽም አያዋጣም። ዳኛው አልታገለችም ያላትን ሴት አስጠንቅቆ 30 ሰከንድ ይሰጣታል። በዚያ ውስጥ ማንም ነጥብ ካላገኘ 1 ነጥብ ለተጋጣሚዋ ይሄዳል። አሠልጣኝ ውሳኔው ካልተዋጠለት ለስላሳ ነገር ማቱ ላይ ወርውሮ ቪዲዮው እንዲታይ መጠየቅ ይችላል። ቅሬታው ውድቅ ከሆነ ግን 1 ነጥብ ይቀጣል። ነጥብ እኩል ሆኖ ካለቀ አቻ ብሎ ነገር የለም። መጀመሪያ ማን ትልቁን ነጥብ ባንድ ጊዜ አገኘች፣ ቀጥሎ ማን ያነሰ ማስጠንቀቂያ አላት፣ እሱም ካልለየ የመጨረሻውን ነጥብ ማን አገባች ተብሎ ይታያል።

ሚዛን

በዓለም ሻምፒዮና አሥር የኪሎ ምድቦች አሉ፦ 50፣ 53፣ 55፣ 57፣ 59፣ 62፣ 65፣ 68፣ 72 እና 76። ኦሊምፒክ የሚወስደው ስድስቱን ብቻ ነው፤ 50፣ 53፣ 57፣ 62፣ 68 እና 76ን። የ59 ኪሎ የዓለም ሻምፒዮን ኦሊምፒክ ካማራት ወይ ወደ 57 ትወርዳለች፣ ወይ 62 ውስጥ ከሚከብዷት ጋር ትገባለች። ሻምፒዮናው በየዓመቱ ቢካሄድም በኦሊምፒክ ዓመት የሚወዳደሩት ኦሊምፒክ ውስጥ የሌሉት ምድቦች ብቻ ናቸው። በ2024 ቲራና፣ አልባኒያ ላይ የሆነው እንደዚያ ነው።

ድሮ ሚዛን የሚወጣው ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ነበር። ትግለኞች ውኃ ሳይቀር ትተው ኪሎ ያወርዱና ሌሊቱን በልተው ጠጥተው ይመለሱ ነበር። ይህ ለጤና አደገኛ ስለሆነ ከ2018 ጀምሮ ሚዛኑ የውድድሩ ዕለት ጠዋት ሆነ። በሁለተኛው ቀን የምትታገል ደግሞ ጠዋት ድጋሚ ትመዘናለች።

ይህ ደንብ ያመጣውን ጉድ ብዙ ሰው የሰማው በፓሪስ ኦሊምፒክ ነው። ህንዳዊቷ ቪኔሽ ፎጋት ሐምሌ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በ50 ኪሎ ገባች። የመጀመሪያ ተጋጣሚዋ ጃፓናዊቷ ዩዊ ሱሳኪ ነበረች፤ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን፣ በውጭ አገር ትግለኛ ተሸንፋ የማታውቅ። ቪኔሽ መጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ አሸነፈቻት። ቀጥላ ዩክሬናዊቷን፣ ማታ ደግሞ ኩባዊቷን ዩስኔይሊስ ጉዝማንን ጣለችና ለፍጻሜ ደረሰች። ሌሊቱን አልተኛችም። ሮጠች፣ ሳውና ገባች፣ ፀጉሯንም ተቆረጠች። በማግስቱ ነሐሴ 1፣ ልክ ፍልሰታ በገባችበት ጠዋት፣ ሚዛኑ ላይ 100 ግራም ገደማ በለጠች። ሁለት ስኒ ቡና የማይሞላ ነገር። ደንቡ ምሕረት የለውም፤ ተሰረዘችና ከሁሉም መጨረሻ ተባለች። በእሷ ቦታ ፍጻሜውን የታገለችው የጣለቻት ጉዝማን ናት። ወርቁን አሜሪካዊቷ ሣራ ሂልደብራንት ወሰደች። ቪኔሽ የብር ሜዳሊያ ይገባኛል ብላ ለስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት አመለከተች። አልተቀበላትም።

የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ የመጀመሪያ ቀን ድሏ መሰረዝ አልነበረበትም። ሚዛን ያለፈችው በዚያን ቀን ነውና። ደንብ ግን ደንብ ነው።

ከሎረንስኮግ እስከ ፓሪስ

የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና በ1987 ሎረንስኮግ፣ ኖርዌይ ተካሄደ። ኦሊምፒክ ለመግባት 17 ዓመት ፈጀ። አቴንስ 2004 ላይ አራት ምድቦች ብቻ ተፈቀዱ። ወርቆቹን ዩክሬን አንድ፣ ቻይና አንድ፣ ጃፓን ሁለት ወሰዱ። በየካቲት 2013 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሥራ አስፈጻሚ ትግልን በሙሉ ከኦሊምፒክ ለማስወጣት ሐሳብ አቀረበ። የትግሉ ዓለም ተንጫጫ፣ አመራር ቀየረ፣ ደንቡን አቀለለ፣ ለሴቶች ተጨማሪ ቦታ ለመስጠት ቃል ገባ። በመስከረም ቦነስ አይረስ ላይ በድምፅ ተመለሰ። በሪዮ 2016 የሴቶች ምድብ ከአራት ወደ ስድስት ያደገው በዚያ ጭንቅ ምክንያት ነው። የዓለም የትግል ፌዴሬሽኑም በ2014 ስሙን ቀይሮ ዩናይትድ ወርልድ ሬስሊንግ ተባለ። መቀመጫው ስዊዘርላንድ ነው።

ስለዚህ ስፖርት ሲወራ ጃፓንን መዝለል አይቻልም። ሳኦሪ ዮሺዳ 13 የዓለም ሻምፒዮናና 3 የኦሊምፒክ ወርቅ አላት። አባቷ ቤታቸው ውስጥ ልጆች ያሠለጥን ነበር፣ እሷም በሦስት ዓመቷ ጀመረች። 119 ግጥሚያ በተከታታይ አሸንፋ በ2008 መጀመሪያ ላይ ታይዩዋን፣ ቻይና ውስጥ በአሜሪካዊቷ ማርሲ ቫን ዱሰን ተሸነፈች። ካኦሪ ኢቾ ደግሞ 10 የዓለም ሻምፒዮናና ከ2004 እስከ 2016 በተከታታይ 4 የኦሊምፒክ ወርቅ አላት። በአራት ተከታታይ ኦሊምፒኮች በግል ውድድር ወርቅ የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

ሪዮ ላይ ሁለቱም ለፍጻሜ ቀረቡ። ኢቾ ሩሲያዊቷን ኮብሎቫን ስትገጥም እስከ መጨረሻዎቹ ሰከንዶች 2 ለ 1 የምትመራው ኮብሎቫ ነበረች። ኮብሎቫ እግር ልትይዝ ገባች። ኢቾ ተከላክላ ዞራ ከኋላዋ ወጣች። 3 ለ 2። ከላይ የነገርኳችሁ የዳሌ ነገር እንግዲህ ይኸው ነው። በማግስቱ ዮሺዳ ቀድሞ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ራሷ ጥላት በነበረችው በአሜሪካዊቷ ሄለን ማሩሊስ 4 ለ 1 ተሸነፈች። እያለቀሰች አገሯን ይቅርታ ጠየቀች፤ ብር ይዛ!

ዛሬም ቦታቸው አልተነካም። ፓሪስ ላይ ከስድስቱ ወርቅ አራቱ የጃፓን ነበሩ። አካሪ ፉጂናሚ 53 ኪሎን ስታሸንፍ ተከታታይ ድሏ ከ130 አልፎ ነበር።

"ጃፓን ሀብታም ስለሆነች ነው" የሚል አይጠፋም። እውነትነት አለው፣ ግን አይበቃም። ህንድ ውስጥ ሐርያና በሚባል ክልል፣ ባላሊ በምትባል መንደር፣ ማሃቪር ፎጋት የሚባል አባት ሴቶች ልጆቹንና የወንድሙን ልጆች የመንደሩን ሐሜት ችሎ አሠለጠነ። ትልቋ ጊታ በ2010 የኮመንዌልዝ ጨዋታ ወርቅ በማግኘት ከህንድ ሴት ትግለኞች የመጀመሪያዋ ሆነች። ቪኔሽ ደግሞ የወንድሙ ልጅ ናት። ሰባት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ተራራማዋ ኪርጊዝስታን በአይሱሉ ቲኒቤኮቫ ተደጋጋሚ የዓለም ሻምፒዮና አግኝታለች። የቱርክ የመጀመሪያ ሴት የዓለም ሻምፒዮን ያሰሚን አዳር ናት፣ በ2017።

አፍሪካና ወሎ

ከአፍሪካ ሴቶች በትግል የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘችው ቱኒዚያዊቷ ማርዋ አምሪ ናት፤ ሪዮ ላይ ነሐስ። በቶኪዮ ናይጄሪያዊቷ ብሌሲንግ ኦቦሩዱዱ በ68 ኪሎ ብር ወሰደች። ለናይጄሪያ በትግል የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነው። በፍጻሜው ያሸነፈቻት አሜሪካዊቷ ታሚራ ሜንሳህ ስቶክ ስትሆን፣ አባቷ ጋናዊ ነበሩ። ታሚራ ከሽልማቱ 30 ሺህ ዶላሩን ለእናቴ የምግብ መኪና እገዛበታለሁ አለች። እናት እናት ናት፣ የትም አገር።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ "ወሎ ደጋ ነው፣ ሳንባ አለን፣ ትግልም እንችላለን" የሚል ወሬ አልወድም። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗ ለሯጭ ይጠቅማል። ትግል ግን ስድስት ደቂቃ የሚፈነዳ ጉልበት ነው። የሚፈልገው አንገት፣ ወገብና መያዣ ጣት ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ መውደቅ መማር ነው፤ ጀማሪ ከመጣሏ በፊት ለሳምንታት መውደቅ ትለማመዳለች። ለዚያ ወፍራም ማት ያስፈልጋል። የቴኳንዶ ቤቱ ስስ ማት በጀርባ ለሚወድቅ ሰው አይሆንም።

ከማት ቀጥሎ የሚመጣው ቤተሰብ ነው። ደሴም ይሁን ባቲ፣ አባት ልጁን የሚልከው ማን እንደሚያሠለጥናት፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር እንደምትታገል ሲያውቅ ነው። ሴት አሠልጣኝና ለብቻ የተያዘ ሰዓት ካለ ግማሹ ክርክር ያልቃል። ለልምምድ ደግሞ ሙሉ ሱሪና እጅጌ ያለው ልብስ ይበቃል። ሐሜቱን አብሽሪ ብሎ ማለፍ ነው።

መንገዱ ረጅም ነው። ለፓሪስ የአፍሪካና የኦሺኒያ ማጣሪያ አሌክሳንድሪያ፣ ግብፅ ላይ ሲካሄድ በየምድቡ ያለፉት ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ኦሊምፒኩ ላይ በአንድ ምድብ 16 ሴቶች ብቻ ስለሚገቡ ቦታው ጠባብ ነው። ከዚያ በፊት ግን የአፍሪካ ሻምፒዮና በየዓመቱ አለ፤ ከ17 ዓመት በታችና ከ20 ዓመት በታች ምድቦችም አሉት። ከኩታበር ወይም ከሐይቅ የምትነሳ ልጅ ቀድማ የምትደርስበት በር ያኛው ነው።