ኖይዝ ኦሲሌተሩን ዝም ብላችሁ አትዝጉት

በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ልጆች ፕሮጀክታቸውን ሲልኩልኝ ቀድሜ የማየው ቦታ አለ። ቫይታል ወይም ሴረም የሚባለው ሲንተሳይዘር (ድምፅ የሚፈጥር ፕሮግራም) ተከፍቷል፤ ኖይዙ፣ ማለትም «ሽሽሽ» የሚለው የድምፅ ምንጭ፣ ግን ጠፍቷል። ለምን ስል መልሱ ያው ነው፦ «እሱማ ቆሻሻ ድምፅ ነው፤ ዜማ ያበላሻል።» ኧረ ተዉኝ!

መጀመሪያ ቆሻሻ የሚለውን እናንሳ። በማይክ ስትቀዱ ከኋላ የሚገባው ሽሽሽታ ሳይፈለግ የመጣ ነው። የሲንተሳይዘሩ ኖይዝ ግን መጠኑንም፣ ቀለሙንም፣ የሚቆይበትንም ጊዜ እናንተ የምታዙት የድምፅ ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሚኒሙግ ሲንተሳይዘር እንኳ ነጭና ሮዝ ኖይዝ መቀያየሪያ ነበረው።

አሁን ወደሚያናድደኝ። «ኖይዝ ኖታ ስለሌለው ለዜማ አይሆንም» ይላሉ። ለብቻው ከሆነ እውነት ነው፤ ኖታ የለውም። ግን ዋሽንት ሰምታችሁ አታውቁም? ከኖታው ጋር ትንፋሽ አብሮ ይወጣል። ማሲንቆም ሲገዘገዝ የጭራው ፍትጊያ ይሰማል። እነዚህን ካወጣችኋቸው የሚቀረው የስልክ ጥሪ ነው።

አንድ ልጅ የዋሽንት ድምፅ ሊሠራ ሳይን ዌቭ (ንጹሕ፣ ባዶ ድምፅ) ላይ ሪቨርብ (ማስተጋቢያ) እየደራረበ ይታገል ነበር። ሪቨርቡን አስጠፋሁትና ነጭ ኖይዝ አስከፈትኩት። ኖይዙን ብቻ በባንድ ፓስ ፊልተር (የተወሰነ ድግግሞሽ ብቻ በሚያሳልፍ) አሳለፍነው፤ ሬዞናንሱን (ያንን ድግግሞሽ የሚያጎላውን) ከፍ አደረግን፤ የፊልተሩን ኪ ትራክ አበራን። ያኔ ፊልተሩ የተነካውን ኖታ ይከተላል፤ ትንፋሹም ከዜማው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ቀጥሎ ኢንቨሎፕ፣ የድምፁ አነሳስና አወራረድ፦ አታክ (መነሻው) ዜሮ አካባቢ፣ ዲኬይ (መውረጃው) 60 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ሰስቴን (ኖታው እስከተያዘ የሚቀረው መጠን) በጣም ዝቅ ያለ። ኖታው ሲጀምር «ፍ» ይላል፤ ከዚያ ትንሽ ብቻ ይቀራል። መጠኑን ደግሞ በግልጽ እስኪሰማችሁ ከፍ አድርጉና ትንሽ መልሱት። መኖሩ ሳይታወቅ፣ ስታጠፉት ብቻ የሆነ ነገር ከጎደለ ልኩ ያ ነው። ልጁ «ምን ፕለጊን ነው የጨመርክበት?» አለኝ። ምንም!

አንድ ነገር ግን፣ የፊልተሩ ኪ ትራክና የኖይዙ ኪ ትራክ አንድ አይደሉም። የኖይዙን ብታበሩት ሳምፕሉ (የኖይዙ የድምፅ ፋይል) ይፈጥናል ወይ ይዘገያል እንጂ ነጭ ኖይዝ ኖታ አያወጣም።

ሳምፕል ስል የሚገረም አለ። ኖይዝ ሁሌም እዚያው በዘፈቀደ የሚፈጠር ይመስላቸዋል። በሴረምና በቫይታል ግን የሚጫወተው ፋይል ነው። ስለዚህ አራት ኖታ ያለው ኮርድ ስትይዙ፣ ኪ ትራኩ ጠፍቶ አራቱም ፋይሉን ከአንድ ቦታ ከጀመሩት፣ ያው ድምፅ አራት ጊዜ ተደርቦ 12 ዴሲቤል ይጨምራል። መነሻቸው ቢለያይ ጭማሪው 6 ገደማ ነው። ኮርድ ላይ ሲደርሱ ኖይዙ ጆሮ የሚበሳቸውና ሚክሳቸውን የሚራገሙት ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ቫይታል ላይ ራንደም ፌዝን (መነሻውን በየኖታው የሚያለያየውን) አብሩት፤ አለቀ።

ሌላም ይላሉ። «ጥሩ ኖይዝ ያለው በሚከፈልበት ሲንተሳይዘር ነው።» ቫይታል በነፃ ይወርዳል፤ ነጭ ኖይዙም አብሮት አለ።

«ነጭ ኖይዝ ሁሉንም ድግግሞሽ እኩል ስለያዘ ሚዛናዊ ነው።» ለሂሳብ እንጂ ለጆሮ አይደለም። ጆሮ የሚመዝነው በኦክታቭ ነው። ከ10,000 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለው አንድ ኦክታቭ ብቻውን ከሥሩ ያለውን ሁሉ የሚያክል ኃይል ይይዛል። ላይ ላዩን የሚጮኸው ለዚህ ነው። ለፓድ (ከኋላ ረዘም ብሎ ለሚቆይ ድምፅ) በየኦክታቩ 3 ዴሲቤል የሚቀንሰውን ሮዝ ኖይዝ ሞክሩ።

«የ808 ድራም ማሽን ሃይ ሃት (የትንሹ ጸናጽል ድምፅ) ኖይዝ ነው።» አይደለም! ስድስት ስኩዌር ዌቭ ኦሲሌተሮች ተደባልቀው በፊልተር ያለፉ ናቸው። ኖይዙ ያለው ስኔሩና ጭብጨባው ላይ ነው። ነጭ ኖይዝ ላይ ሃይ ፓስ (የታችኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ፊልተር) ጭናችሁ «ለምን 808 አልመሰለም» እያላችሁ አታምሹ።