የጃንሆይ ብር አገኘሁ፤ ስንት ያወጣል?

ሰው አሮጌ ብር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ያሳዝነኛል። ያጸዳዋል። «ጽድት ካለ ዋጋው ይጨምራል» የሚለው እምነት ስንቱን ኖት አበላሽቷል! አንዲት የሰፈራችን እናት የጃንሆይን አምስት ብር በሳሙና አጥበው፣ በካውያ ተኩሰው አሳዩኝ። እጥፋቱ ሲታይ የጠፋ ይመስላል። መስኮት ላይ ይዤ አጋደል ሳደርገው ግን መስመሩ እዚያው አለ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ በጣት ሲዳስሱት ጎርበጥ የሚለው ኅትመትም ተጨፍልቋል። የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢ ደግሞ የሚከፍለው በአብዛኛው ለዚያ ነው። እባካችሁ፣ እድፍ ቢኖረውም እንዳለ ተዉት።

«ያረጀ ሁሉ ውድ ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። በምኒልክ ዘመን የተቋቋመው የአቢሲንያ ባንክ ያወጣቸው ኖቶች ዛሬ ብርቅ ናቸው። ምክንያቱ ዕድሜያቸው ብቻ አይደለም። ሕዝቡ የሚያምነው የማርትሬዛን ብር ስለነበር ወረቀቱ ብዙም አልተሠራጨም። ጢስ ዓባይ ያለበት የደርግ አንድ ብር ግን በየቤቱ ሞልቷል። ተጣጥፎ የተጎሳቆለ ከሆነ ብዙም አያወጣም።

«1969 ይላል፤ ስለዚህ የ1969 ነው» የሚሉም አሉ። በዚያ ዓመት የወጣው የደርግ ብር ከዓመታት በኋላ ሲታተምም ያንኑ ቁጥር ይዞ ቀጥሏል። መቼ እንደታተመ የሚለየው ኖቱ ላይ ያለው የብሔራዊ ባንክ ገዢ (የባንኩ ኃላፊ) ፊርማ ነው። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ቀጥሎ ተከታታይ ቁጥሩን። ከመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች አንዱ ከሆነ፣ ወይም ሁሉም አኃዝ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ፈላጊው ይበዛል።

በጃንሆይ ኖት ላይ በእንግሊዝኛ «ዶላር» የሚል አይተው የአሜሪካ ገንዘብ የሚመስላቸው አሉ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ገንዘብ በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ የኢትዮጵያ ዶላር ይባል ነበር። በአሜሪካ ዶላር አይመነዘርም።

«ባንክ ይቀይርልኛል» የሚባለውም አይሆንም። በመስከረም 2013 የተቀየሩት የድሮ 10፣ 50 እና 100 ብሮች እንኳ የመለወጫ ጊዜያቸው አልፏል።

የመጨረሻው፣ ብዙ ሰው የሚታለልበት፦ ኢንተርኔት ላይ አንዱ ለኖቱ መቶ ሺህ ብር ጠየቀ ማለት ዋጋው ያ ነው ማለት አይደለም። የፈለጉትን መጠየቅ ይቻላል። መታየት ያለበት በጨረታ ስንት ተሸጠ የሚለው ነው፤ ያውም ፊርማውም ይዞታውም ከእናንተው ጋር የሚመሳሰለው። «ብርህን በሚሊዮን እገዛለሁ፤ መጀመሪያ የምዝገባ ክፈል» የሚል ከደወለላችሁ ግን ስልኩን ዝጉት።